የተላከ ቃልና የደረሰ ቃል

በዕርዳታና በሠፈራ ሥራ የተሠማሩ ባልደረቦች መልእክት ስለሚለዋወጡበት መንገድ የቀረበ ንግግር



ድርቅ ስለሚያስከትለው ጉዳት፣ ስለ እህል ክምችት፣ ስለ መኪናና ስለ መንገድ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ይህ ንግግር የሚያተኩረው ግን በጀት በማይያዝለትና በመጋዘን በማይቆጠር አንድ የሥራ መሣሪያ ላይ ነው። ይኸውም አንዱ የሥራ ባልደረባ ለሌላው የሚያስተላልፈው ቃል ነው። እህሉ በመጋዘን እያለ፣ መኪናውም ነዳጁን ሞልቶ ቆሞ ሳለ፣ ሕዝብ በረኃብ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ሲመረመር የሚገኘው ያልተጻፈ ደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት ከተላከ በኋላ ተቀባዩ ሌላ ነገር የተረዳበት ደብዳቤም ይገኛል።

በግምጃ ቤት ሥራ አንድ የታወቀ ሥርዓት አለ። እህል ከመጋዘን ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ከሌላው መጋዘን ሲደርስም ተረካቢው ቆጥሮና መዝኖ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል። የተረካቢው ፊርማ እስካልተገኘ ድረስ እህሉ ደርሷል ሊባል አይችልም፤ ላኪውም ከኃላፊነት ነፃ አይሆንም። ለቃል ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሲደረግ አይታይም። ቃል ከላኪው አፍ ወይም ብዕር እንደ ወጣ ወዲያው እንደ ደረሰ ይቆጠራል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ መልእክት ደረሰ የሚባለው በተላከ ጊዜ ሳይሆን፣ ተቀባዩ የተረዳውን መልሶ ሲናገርና ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ሲታወቅ ነው። እህሉ ሞዴል 19 እንደሚያስፈልገው ሁሉ ቃሉም ያስፈልገዋል።

ካለፈው የሚገኝ ትምህርት

እንደሚታወቀው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረኃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። በዚያን ጊዜ የሰብሉን መበላሸት የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ ገበሬው ያውቅ ነበር፤ የወረዳው ሹምም ያውቅ ነበር። ነገር ግን ወሬው እንዳይሰማ የፈለጉ ባለሥልጣናት ስለ ነበሩ ቃሉ በመንገድ ላይ ቀረ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ የተደበቀው ረኃብ ለዓለም የታወቀው በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየ ፊልም አማካይነት ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም የተመሠረተው በዚሁ በ1966 ዓ.ም. ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮሚሽኑ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ማቋቋሙ ከዚህ መከራ የተገኘ ትምህርት ነው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰብል፣ ስለ ከብትና ስለ ገበያ ዋጋ ከየአካባቢው የሚገኘው ወሬ በወቅቱ ወደ ማዕከል እንዲደርስ ታስቦ የተሠራ ነበርና።

ይሁን እንጂ ቃል መላኩ ብቻውን እንደማይበቃ በ1976 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ኮሚሽኑ ለጋሽ መንግሥታትንና ድርጅቶችን አዲስ አበባ ላይ ሰብስቦ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለአደጋ መጋለጡን አስታወቀ። የእህሉ ጉድለት 900,000 ቶን ያህል እንደሚሆን ቢገመትም፣ ኮሚሽኑ የጠየቀው 450,000 ቶን ብቻ ነበር። ምክንያቱም ወደቡ፣ መንገዱና መኪናው ከዚያ የሚበልጠውን ሊያደርስ አይችልም ተብሎ ስለ ታመነ ነው። በዚያው ወቅት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አጥኚዎች ያቀረቡት ቁጥር ደግሞ 125,000 ቶን ነበር። እንግዲህ በአንድ ጉዳይ ላይ ሦስት ቁጥሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቀረቡ ማለት ነው። አንደኛው ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው፣ ሌላው ምን ያህል ማጓጓዝ እንደሚቻል የሚናገር ሲሆን፣ ሁለቱ ተለያይተው ሊነበቡ ሲገባ እርስ በርስ የሚቃረኑ መሰሉ። ለማመንታት ምክንያት የሚፈልግ ሁሉ በመካከላቸው የሚሸሸግበት ቦታ አገኘ።

በርግጥ ዕርዳታው የዘገየው በቁጥሮቹ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ጦርነቱ፣ በመንግሥቱና በምዕራባውያን ለጋሾች መካከል የነበረው ጥርጣሬ፣ መንግሥቱም በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ለማክበር ያደረገው ሽር ጉድ ይበልጥ የከበዱ ምክንያቶች ነበሩ። የዓለም ሕዝብ የተነሣሣውም በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተላከው ፊልም ከታየ በኋላ ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰባት ወር ነው። በዚህ ሰባት ወር ውስጥ ቃሉ ተልኮ ነበር፤ ሆኖም አልደረሰም።

ስለ ቁጥርና ስለ መለኪያ

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ማንኛውም ቁጥር ብቻውን እንዳይላክ ነው። ቁጥር ከመለኪያው፣ ከቀኑ፣ ከምንጩና ከሚናገርለት ነገር ጋር አብሮ መጓዝ ይኖርበታል።

ለምሳሌ አንድ ወረዳ «12,000 ተረጂ አለ» ብሎ ቢጽፍና ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢታደል፣ የሚያስፈልገው 1,800 ኩንታል ነው። የጻፈው ባልደረባ በልቡ ያሰበው 12,000 አባወራዎችን ከሆነና በአንድ ቤት አምስት ሰው ቢገኝ ግን፣ የሚያስፈልገው 9,000 ኩንታል ይሆናል። 200 ኩንታል በሚጭን መኪና ሲታሰብ፣ የመጀመሪያው 9 መኪና፣ ሁለተኛው 45 መኪና ነው። ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው «ሰው» ወይም «አባወራ» የምትለዋ አንዲት ቃል በመቅረቷ ነው። ቶንና ኩንታልም እንዲሁ ናቸው፤ ከወደብ የሚጽፈው በቶን፣ ከመጋዘን የሚጽፈው በኩንታል ስለሚያስብ፣ መለኪያው ሳይጠቀስ የቀረ አኀዝ አሥር እጥፍ ሊሳሳት ይችላል።

ቀኑም እንደ መለኪያው ያስፈልጋል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ የተረጂው ቁጥር በ2007 ዓ.ም. አጋማሽ 2.9 ሚሊዮን፣ በነሐሴ 4.5 ሚሊዮን፣ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. 8.2 ሚሊዮን፣ በታኅሣሥ 10.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገልጧል። እያንዳንዱ ቁጥር በወጣበት ጊዜ የቆመለት ጥናት ነበረው። ነገር ግን የነሐሴውን ቁጥር በታኅሣሥ ይዞ ስብሰባ የገባ ሠራተኛ ከተረጂው ከግማሽ በላይ የሆነውን ሕዝብ ሳያውቀው ረስቷል ማለት ነው። በዚያ ድርቅ ጊዜ መንግሥትና የዕርዳታ ድርጅቶች በጋራ ባጠኑትና በጋራ ባወጡት ሰነድ መጠቀማቸው፣ በ1976 ዓ.ም. እንደ ታየው ያለ የቁጥር ሙግት እንዳይደገም ረድቷል። ባልደረቦች አብረው መስክ ወርደው አብረው የቆጠሩት ቁጥር በቢሮ ከሚነሣ ክርክር ይድናልና።

በስልክና በሬዲዮ ቁጥር ሲነገር ደግሞ አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው። መስመሩ በሚንሿሿበት ጊዜ «ሰባ» እና «ሰባት»፣ «ስድሳ» እና «ስድስት»፣ «ዘጠና» እና «ዘጠኝ» ለጆሮ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው የሬዲዮ ሠራተኛ «ሰባ ኩንታል» ብሎ አይተውም፤ «ሰባ፣ ሰባት ዜሮ» ብሎ አኀዙን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ተቀባዩም መልሶ ይጠራለታል። ይህ ልማድ በእጅ ስልክ ዘመንም ሊቀር የሚገባው አይደለም። መሣሪያው ፈጥኗል እንጂ የሰው ጆሮ ያው የቀድሞው ነው።

ስለ ቀን፣ ስለ ሰዓትና ስለ ሥፍራ

ኢትዮጵያዊው ሠራተኛና የውጭ አገር ባልደረባው በአንድ ቢሮ ተቀምጠው በሁለት የዘመን አቈጣጠርና በሁለት የሰዓት አቈጣጠር ይሠራሉ። የውጭው ባልደረባ መኪኖቹ «በ8 ሰዓት» ይደርሳሉ ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ኢትዮጵያዊው የመጋዘን ኃላፊ ደግሞ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል። ስለዚህም ጫኝና አውራጁ ሳይጠራ መኪኖቹ ስድስት ሰዓት ያህል ቆመው ይውላሉ። ዓመቱም ቢሆን በሁለቱ አቈጣጠሮች መካከል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ የ8 ዓመት ልዩነት አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት በሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር፣ ብዙ የውጭ ድርጅቶች በጥር ወር ይጀምራሉ። «በሚመጣው ዓመት» የሚል ቃል በሁለቱ ቢሮዎች ዘንድ አንድ ትርጉም አይኖረውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሁለቱም አቈጣጠር መጻፍና፣ ሰዓቱ ጠዋት ወይም ከቀትር በኋላ መሆኑን መጥቀስ ነው።

የሥፍራ ስምም እንደዚሁ ነው። «ዓርብ ገበያ» ወይም «ሐሙሲት» ተብሎ የሚጠራ ሥፍራ ከአንድ በላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ታቦት ስም የሚጠሩ ቀበሌዎችም ብዙዎች ናቸው። ወረዳውና ዞኑ ያልተጠቀሰበት የጭነት ትእዛዝ ሾፌሩን ወደ ሌላ አገር ሊመራው ይችላል፤ እህሉም በማይጠበቅበት ሥፍራ ይራገፋል።

«እሺ» ማለት ምን ማለት ነው?

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው ምሳሌ በሰፊው የታወቀ ነው። በማኅበራዊ ኑሮ ትልቅ ቁም ነገር ያለው ቢሆንም፣ በሥራ ላይ ግን «እሺ» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው «ሰምቻለሁ» ማለት ነው። ሁለተኛው «ቃልዎን አከብራለሁ» ማለት ነው። ሦስተኛው «ተረድቼዋለሁ፤ እፈጽመዋለሁ» ማለት ነው። አለቃው ሦስተኛውን ሰምቶ ሲሄድ፣ የበታቹ የተናገረው ግን ሁለተኛውን የሆነበት ጊዜ አያሌ ነው። በተለይም ታናሹ ታላቁን «አልገባኝም» ማለት እንደ ድፍረት በሚቈጠርበት ባህል ውስጥ፣ «እሺ» ብሎ መውጣት የጨዋነት ምልክት ይሆናል።

ይህን ችግር ለማስወገድ ባህሉን መጣስ አያስፈልግም። ታላቁ ጥያቄውን ቢለውጠው ይበቃል። «ገባህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው። «እንግዲህ ከዚህ ወጥተህ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ግን የተረዳውን ይናገራል፤ ስሕተት ካለም በቢሮው ውስጥ ይታረማል። ከዕድሜም ከማዕረግም ለሚበልጡት ሰው ደግሞ «የታዘዝኩትን በትክክል ይዤ እንደ ሆነ ልድገምልዎ» ማለት ክብር እንጂ ድፍረት አይደለም።

ቃለ ጉባኤም የዚሁ ሥርዓት ክፍል ነው። «ጉዳዩ እንዲታሰብበት ተወስኗል» ተብሎ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ማንንም አያዝም። «የትራንስፖርት ክፍሉ ኃላፊ እስከ ኅዳር 12 ቀን 6 መኪና ይልካል፤ ካልቻለ እስከ ኅዳር 9 ቀን ያስታውቃል» ተብሎ የተጻፈው ግን የሚሠራውንም ሰው፣ የሚጠብቀውንም ሰው ያስተባብራል።

ስለ መጥፎ ወሬ

በመግለጫና በሪፖርት ላይ «ጠቅላላው ሁኔታ አጥጋቢ ነው»፣ «ተገቢው እርምጃ ተወስዷል»፣ «ችግሩ በቁጥጥር ሥር ውሏል» የሚሉ ሐረጎች ይዘወተራሉ። እነዚህ ሐረጎች የሠሪውን ስም፣ የሥራውን መጠንና ጊዜውን ሰውረው ያልፋሉ። እርምጃውን ማን ወሰደ? ምን ዓይነት እርምጃ ነው? በስንት መጠለያ? ለስንት ሕፃናት? የሚሉትን ጥያቄዎች የማይመልስ ሪፖርት ጸጥታን እንጂ ወሬን አያደርስም።

ሠራተኛ መጥፎ ወሬን የሚያለዝበው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው የላይኛው ኃላፊ እንዳይቆጣ በመስጋት ነው። ከመጠለያው ጣቢያ «ትናንት ስድስት ሕፃናት ሞተዋል» የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ኃላፊው አስቀድሞ «ይህን ማን ጻፈው?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ወሬ «አንዳንድ ሕመም ታይቷል» የሚል ይሆናል። «ምን ጐደለ? ከዚህ ምን ይላክ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ግን ወሬው በእውነቱ መጠን መምጣቱን ይቀጥላል። እንግዲህ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እውነት እስከ ምን ድረስ እንደሚወጣ የሚወስነው የታችኛው ሠራተኛ ድፍረት ብቻ ሳይሆን፣ የላይኛው ኃላፊ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

ከዚህም ጋር ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጠቃሚ ወሬ ሁልጊዜ ማዕረግን ተከትሎ አለመምጣቱ ነው። ድልድዩ መሰንጠቁን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። እህሉ ነቀዝ መጀመሩን የሚያውቀው የመጋዘን ዘበኛው ነው። እናቶች ራሽኑን ከተረከቡ በኋላ ለወፍጮ ከፊሉን እንደሚሸጡ የሚያውቀው እህል ሰፋሪው ነው። እነዚህ ባልደረቦች በስብሰባ ላይ ስለማይቀመጡ የሚያውቁት ነገር ጠያቂ ይፈልጋል። መኪና ሲመለስ ሾፌሩን ለአምስት ደቂቃ ማነጋገር ከብዙ ገጽ ሪፖርት የበለጠ የሚጠቅምበት ቀን አለ።

በሠፈራ ሥራ

የመልእክት ጉድለት እጅግ የሚከፋው ሰው በሚንቀሳቀስበት ሥራ ላይ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና የጐጃም መተከል 600,000 ያህል ሕዝብ ተዛውሯል። ሥራው በጥድፊያና በብዙ ቦታም በግዳጅ የተካሄደ ስለ ነበር፣ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ የተለያዩበት ቤተሰብ ጥቂት አልነበረም። ከደጋ የመጡ ሰዎች በቆላው ወባ ተመቱ፤ ብዙዎችም ሞቱ። በየሥፍራው ይኖሩ የነበሩት የጉሙዝ፣ የበርታና የአኙዋክ ሕዝቦችም ስለ ሚመጣባቸው ነገር አልተማከሩም። የዚህ ሁሉ ዋነኛ መንሥኤ የፖሊሲው ጥድፊያና አስገዳጅነት እንጂ የጽሕፈት ሥራ ጉድለት አለመሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም ላኪውና ተቀባዩ ጣቢያ ከሰዎቹ በፊት ቃል ቢለዋወጡ ኖሮ ሊቀንስ ይችል የነበረ መከራ ነበር። የቤተሰቡ ዝርዝር፣ የታመሙት ሰዎች ቁጥር፣ የሚቀበላቸው ውኃና ክሊኒክ መኖሩ ከመኪናው አስቀድሞ መታወቅ ይችል የነበረ ነገር ነውና።

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም፣ ሠፈራው በፈቃድና በየክልሉ ውስጥ እንዲሆን፣ የሠፋሪዎች ተወካዮችም አስቀድመው ሥፍራውን አይተው እንዲመለሱ ተደንግጎ ነበር። ይህ ከቀድሞው የተሻለ ነበር። ሆኖም በአንዳንድ ሥፍራ ለሠፋሪው የተነገረውና ደርሶ ያገኘው ሳይገጣጠም ቀርቶ ወደ ቀየው የተመለሰ ሰው ነበር። ሥፍራውን የሚያስተዋውቀው ባልደረባ «ክሊኒክ አለ» ሲል፣ በሥፍራው ያለው ባልደረባ ደግሞ «ክሊኒክ ታቅዷል» የሚል ከሆነ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት በእግሩ የሚሄደው ታማሚ የያዘው ሠፋሪ ነው።

ስለዚህ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሦስት ቃላት ተለዋውጠው መረጋገጥ ይገባቸዋል። አንደኛ፣ ላኪው ጣቢያ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ስም ሳይነጣጥል በአንድ ወረቀት ጽፎ ያስተላልፍ። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ጣቢያ ያለውንና የታቀደውን ለይቶ፣ «ዛሬ ያለው ይህ ነው» ብሎ ይመልስ። ሦስተኛ፣ ይህ መልስ ሳይደርስ መኪና እንዳይነሣ ይደረግ። ሾፌሩም ሆነ አለቃው «ትእዛዝ ነው» ብሎ ቢቸኩል፣ መልሱ የታለ ብሎ የመጠየቅ መብትና ግዴታ የባልደረቦቹ ሁሉ ነው።

በየዕለቱ ሊደረግ ስለሚገባው

ከላይ የተባለውን በሥራ ላይ ለማዋል አዲስ መሥሪያ ቤት ወይም አዲስ በጀት አያስፈልግም። ማንኛውም የመስክ ሪፖርት ለአምስት ጥያቄዎች መልስ ይስጥ፦ ምን ታየ? ማን አየው? በየትኛው ቀንና ሥፍራ? ስንት ነው፣ በምንስ መለኪያ? ከማን ምን ይፈለጋል፣ እስከ መቼስ? የታየውና የተሰማው ተለይቶ ይጻፍ፤ «አይቻለሁ» እና «ተብሏል» አንድ አይደሉምና። ሪፖርቱን የተቀበለው ክፍል «ደርሶናል» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የተረዳነው ይህ ነው፤ የምናደርገውም ይህ ነው» ብሎ ይመልስ። የማይቻል ነገር ከሆነም አለመቻሉ ፈጥኖ ይነገር፤ ፈጥኖ የደረሰ «አይቻልም» ዘግይቶ ከመጣ «እሺ» ይሻላል። ከሥፍራው የሚዛወር ሠራተኛ ደግሞ ቁልፍና ፋይል ብቻ ሳይሆን፣ የተጀመረውን፣ ያላለቀውንና ቃል የተገባውን ሁሉ ለተተኪው በጽሑፍ ያስረክብ።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። በዕርዳታ ሥራ ላይ የሚደርስ የቃል ወለምታ የሚያመው ተናጋሪውን ወይም አድማጩን ሳይሆን፣ ሁለቱም የማያዩትን፣ በራሽን መቀበያው ሰልፍ ላይ የቆመውን ሰው ነው። እርሱ ደብዳቤውን አላነበበም፤ በስብሰባውም አልተቀመጠም፤ ቁጥሩ በቶን ይሁን በኩንታል የሚያውቀው ነገር የለውም። የሚያውቀው በተባለው ቀን እህሉ መምጣቱን ወይም አለመምጣቱን ብቻ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ የዕርዳታ ሠራተኛ ደብዳቤ ፈርሞ ከማሳለፉ ወይም ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ ይህን ቃል ማን ተረክቦልኛል?